«ይበላሉ» ሲጠብቅ

ኤልዳና ጥላዬ አውቶቡስ ስትሳፈር ስድስት ሰከንድ ያህል ጫማዋን ታያለች። በሩ ፊቷን ይለያል፤ ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ቁራጭ ምስሏን ያሳያል፤ ቁራጩ ሲያልቅ በሩ ይከፈታል። ሰከንዱን መቁጠር አያስፈልጋትም። ድምፁን ስለምታውቀው የመጨረሻዋ ቃል ስታልፍ ቀና ብላ ትገባለች።

በ2061 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ በስሙ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ስም ይመሳሰላል፤ ቁራጭ ግን አይመሳሰልም። የመለያ ጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሰዎች አብዝተው ያዩለትን አንድ ቁራጭ ምስል መርጦ ይመዘግባል፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የቀበሌው መስኮትም ሰውየውን የሚያውቁት በእሱ ነው። የብዙ ሰው ቁራጭ ምንም የለበትም። የኤልዳና የሥራ ባልደረባ ሰዓዳ ሐብሐብ ታቅፋ ስታስነጥስ ትታያለች። የኤልዳና የቀድሞ ባል በዝናብ መንገድ ያቋርጣል፤ ያ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ሲጠበቅ ግድግዳው ላይ አንድ ሰውዬ ሲያዛጋ ይታያል፤ ከዚያ ያው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሐኪሙ ይገባል። ሌላው ሰው ቀና ብሎም አያይ።

የኤልዳና ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ቀና ይላል።

ቁራጩ የተቀረጸው በ2042 ዓ.ም.፣ በአባቷ ተዝካር ላይ ነው። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው፣ ሕዝቡ በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ምግቡ ቀርቦ ሳለ፣ የበኩር ልጅ ናትና የመስተንግዶውን ተራ እንድትናገር ድምፅ ማጉያ ሰጧት። የተናገረችው ይህን ነው፦

«መጀመሪያ አባቶች ይበላሉ። የተረፈ ካለ ለነዳያን ይሰጣል።»

ተጽፎ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን «ይ» እንዳለች ሳግ ያዛት፤ ሳጉን ውጣ ስትቀጥል ቃሉ ጠብቆ ወጣ። ላልቶ ቢሆን ኖሮ አባቶች ወደ ማዕዱ ይቀርቡ ነበር። ጠብቆ ሲወጣ ማዕዱ አባቶች ራሳቸው ሆኑ። ከኋላዋ የተቀመጡት መሪጌታ ኅሩይ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት የዘረጉትን እግር ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። የአጎቷ ልጅ፣ ሩቅ አገር ያሉ ዘመዶች ይዩት ብሎ እየቀረጸ ነበር። ዘመዶቹ አዩት። በሳምንቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው አየው። አሁን አርባ አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

ቅጽል ስሟ «ቄስ በላ» ነው።

በዩኒቨርሲቲ የተማረችው አማርኛ ነበር። መምህርት ሆና ዐሥራ አንድ ቀን ሠርታለች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ማስተማር የነበረባት ስለሚጠብቁና ስለሚላሉ ቃላት ነው፤ የትምህርቱ ዕቅድ እንደዚያ ይል ነበር። ወደ ክፍሉ ስትገባ ሰባ ሁለት ተማሪዎች እግራቸውን ወንበር ላይ ሰብስበው ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጉድለት ትለያለች። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ የሰው ሣቅ አይሰማም።

በቤቷ «መብላት» የሚባል ግስ የለም። ልጇን «ቅመሺ» ትላታለች፤ «ራትሽን ጨርሺ» ትላታለች። እንግዳ ቢመጣ «ይቅረቡ» ትላለች። እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። ከሰው ጋር ስትተዋወቅ ጨዋ የሆነው ሰው እጇን ይጨብጥና «አላየሁም» ይላል፤ ቁራጩ የታወቀበትን ሰው ሲያገኙ እንዲህ ማለት የዘመኑ ወግ ነው። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ሁለቱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ችላው ኖራለች። ያልቻለችው የልጇን ነው።

ልጇ ምዕራፍ በየካቲት ሃያ አንድ ዐሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል። ሰው ዐሥራ አምስት ሲሞላው መለያ ይሰጠዋል፤ የራሱ የታወቀ ቁራጭ ከሌለው የወላጆቹን ይወርሳል፤ ከሁለቱ ወላጆች የሚወረሰው የበለጠ የታወቀው ነው። በዝናብ መንገድ የሚያቋርጠው አባቷ አይረዳትም። የራሷ ቁራጭ እንዲመዘገብላት ደግሞ መቶ ሺህ ሰው ሊያያት ይገባል። አንድ ዓመት ሙሉ ሞክራለች። በከሰል የሣለችውን ሥዕል አሳይታለች፤ ዘፍናለች። ስትዘፍን ያዩዋት ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። የክፍል ጓደኛዋ ከትምህርት ቤቱ ጣራ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ተሳክቶለታል፤ አሁን «ጣራው» ነው የሚባለው።

ከሰዓት በኋላ ኤልዳና ልጇን የምትጠብቃት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አይደለም። ወላጅ ሲቀርብ በሩ የወላጁን ቁራጭ ያሳያል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ርቃ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ አጠገብ ትቆማለች። ጥር ሃያ ሦስት ቀን ምዕራፍ ስትመጣ የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ በእጇ ይዛው ነበር።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ማን በጠሰው?»

«ማንም። ‹ትራፊ› አሉኝ፤ ዞርኩ፤ ተበጠሰ።»

«ትራፊ ማለት?»

ምዕራፍ እናቷን አየቻት። «የተረፈ ካለ ለነዳያን ይሰጣል» አለች። «የተረፈችው እኔ ነኝ ማለት ነው። አልገባሽም?»

ገብቷታል። ጫማ ሰፊው ማንገቻውን ተቀበላቸውና ሳይጠየቅ መስፋት ጀመረ። ኤልዳናን አላያትም፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ማመልከቻ አስገብቻለሁ» አለች ኤልዳና። «የማንሻ ጉባኤው የካቲት ዐሥራ ሁለት ቀን ነው።»

«ሦስት ምስክር አገኘሽ?»

«ሰዓዳ አለች። መሪጌታን እጠይቃለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ከቤተሰብ ነው የሚሆነው።»

ምዕራፍ የተሰፋውን ማንገቻ ሁለት ጊዜ ጎትታ ሞከረችው። «እኔ እሆናለሁ» አለች።

ማንሻ ጉባኤው የሚፈልገው ቃል አይደለም። ምስክሩ ይቀመጣል፤ ቁራጩ ይታያል፤ መሣሪያው ትንፋሹንና ጉንጩን ያነባል። አንድ ከሥራ ቦታ፣ አንድ በዕለቱ በቦታው የነበረ፣ አንድ ከቤተሰብ። ሦስቱም ካልሳቁ ቁራጩ ከሁሉም ቦታ ይነሣል፤ አመልካቹም ባዶ ግድግዳ ፊት የተነሣ ምስል ይሰጠዋል።

ሰዓዳ ልምምዱን የጀመረችው በምሳ ሰዓት፣ ከጨርቅ ክምሩ ኋላ ነበር። ከኤልዳና ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ቁራጩን በመነጽሯ ከፈተችው፤ ኤልዳና ፊቷን ወደ ክምሩ አዞረች።

«ወላሂ አልስቅም» አለች ሰዓዳ።

ሳቀች።

«እንደገና። አሁን አልስቅም።»

እንደገና ሳቀች። አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ «እሳቸው ናቸው እኮ የሚያስቁኝ» አለች። «እግራቸውን! አንቺማ ምን አደረግሽ? አንቺን አይደለም፣ እግሩን ነው።»

«የሚያሳዝን ነገር አስቢ።»

«የሚያሳዝነውማ አንቺ ነሽ። አንቺን ሳስብ ደግሞ ቁራጩ ይመጣብኛል።»

ኤልዳና ምሳዋን ከደነችው። ሰዓዳ ሣቋን አቁማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አትቀየሚኝ። አማቴን አስባለሁ። አማቴን ሳስብ ጥርሴ ይገጥማል።»

«ሞቱ እንዴ?»

«የለም፣ ሊመጡ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ሰዓዳ ቁራጩን ስድስት ጊዜ አከታትላ አይታ አልሳቀችም። ጉንጯን ከውስጥ ነክሳው ስለነበር አንድ ሳምንት ትኩስ ነገር መጠጣት አቃታት።

መሪጌታ ኅሩይ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። አውቶቡስ አይሳፈሩም፤ የእሳቸውም መለያ ያው ቁራጭ ነው። ያጠኗቸው ድጓና ዝማሬ፣ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ሁሉ በአንድ እግር ተተክተዋል። ኤልዳና ገብታ ስትሳለማቸው በድምፅዋ አላወቋትም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጥላዬ።»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። ብዙ ዘመን ጠፋሽ።»

የመጣችበትን ነገረቻቸው። ጉባኤውን፣ መሣሪያውን፣ የልጇን ልደት። ሳያቋርጡ ሰሙና ትንሽ ተጠግተው «አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «እግሬን የሰበሰብኩት ቁርጥማት ይዞኝ ነው። አንቺን ሰምቼ አይደለም። ይህን ለመናገር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ፈልጌ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም እኮ! ሲያዩኝ እግራቸውን ይሰበስባሉ እንጂ።»

«መጥቼ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር።»

«አንቺም አልመጣሽ፣ እኔም አልመጣሁ። ተፋፍረን ነው።» እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ እዚያ የቆመ ሰው ያለ ይመስል። «አባትሽ ግን በሕይወት ቢኖር… ጥላዬን አውቀዋለሁ። ቃል የሚያጠብቅ፣ ቃል የሚያላላ ሰው ነበር። ማዕድ ላይ ሁለት ትርጉም ሳይፈልግ አይጎርስም። ያን ቀን ያልሽውን ቢሰማ ከሁሉም በፊት የሚስቀው እሱ ነበር።»

ኤልዳና ስለ አባቷ ማውራት ካቆመች ቆይታለች፤ የአባቷ ነገር ሲነሣ ሰዎች ፊት ላይ የሚመጣው ያው ቁራጭ ነው።

«መሣሪያው የሚያየው ትንፋሽ ነው አልሽ?»

«ትንፋሽና ጉንጭ።»

«ጉንጭስ የለኝም፤ ከጥርሴ ጋር ሄዷል። ትንፋሼም አጭር ነው። እመጣለሁ።»

ምዕራፍን ማለማመድ አላስፈለገም። ኤልዳና አንድ ቀን «እንሞክረው ወይ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምኑን?»

«ቁራጩን እያየሽ…»

«በቀን አራት ጊዜ አየዋለሁ እኮ፣ እማ» አለች ምዕራፍ። «ሲጫወቱት።»

የካቲት ዐሥራ ሁለት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ የሚቆነጥጥ ነበር። የመለያ ጽሕፈት ቤቱ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ ደረጃ፣ ደረጃው ላይ ወፋፍራም ምሰሶዎች አሉት። አራቱም በሰዓቱ ደረሱ። የጉባኤው ክፍል ጠባብ ሆኖ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበርና አንድ ሰሌዳ ነበረው። ሰብሳቢዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት ነበሩ።

«አመልካች ወይዘሮ ኤልዳና ጥላዬ።»

ኤልዳና ወዲያው አልተነሣችም። ምዕራፍ በክንዷ ነካቻት።

«አላየሁም» አሉ ሰብሳቢዋ በወጉ መሠረት፣ መዝገቡን እየገለጡ። «የጽሑፍ ማስረጃውን ግን አንብቤዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ አልታየኝም። ‹መጀመሪያ አባቶች ይበላሉ።› ታዲያ መጀመሪያ ማን ሊበላ ኖሯል? ምኑ ነው የሚያስቀው?»

የእውነታቸውን ነበር። ኤልዳና በሕይወቷ ውስጥ በእውነት ያላየ ሰው ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጠብቆ ስለተነገረ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ግሱ።»

ሰብሳቢዋ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃሉን ለራሳቸው ሞከሩት። አልመጣላቸውም። «ለመዝገቡ ያህል ሁለቱንም ያንብቡልን።»

ሰዓዳ ወንበሯ ላይ ተንቀሳቀሰች። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ኤልዳና እንደ መምህር ቀጥ ብላ ቆመች፤ ለዚህ ነበር የተማረችው።

«ላልቶ ሲነበብ» አለች፣ «ይበላሉ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ ቃሉን ጻፈው።

«ጠብቆ ሲነበብ… ይበላሉ።»

መሣሪያው ይህንንም ጻፈው። ሁለቱ ቃላት በሰሌዳው ላይ አንዱ ከሌላው በታች፣ ምንም ሳይለዩ ቆሙ። ሰብሳቢዋ አንዴ ላይኛውን፣ አንዴ ታችኛውን አዩ፤ ከዚያ የአፋቸው ጫፍ በትንሹ ተንቀሳቀሰ። መዝገቡን አፋቸው ላይ አድርገው ሳል አሰሙ። የሰብሳቢ ትንፋሽ አይለካም።

ምስክሮቹ ተራ በተራ ተቀመጡ። ሰዓዳ ሰሌዳውን አፍጥጣ አየች፤ ምን እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ መለየት ይቻል ነበር፤ አማቷ እዚያው ክፍል ውስጥ የገቡ ይመስል ነበር። «አልሳቀም» አለ መሣሪያው፤ ወንድና ሴት አይለይም። መሪጌታ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረውን ፊታቸውን፣ ሙሉ ጢማቸውን፣ እግራቸውን አዩ። «ወይ ዘመን!» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልሳቀም» አለ መሣሪያው።

ምዕራፍ ተቀመጠች። ቁራጩ ተከፈተ፣ አለቀ። መሣሪያው መልስ ለመስጠት ጥቂት ዘገየ። ሰብሳቢዋ ንባቡን ጠጋ ብለው ተመለከቱት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ዐሥራ አራት።»

«ምንም የለም» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግልጽ አልነበረም። «ትንፋሿ እንኳ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ንባብ አይቼ አላውቅም።»

ሰዓዳ ከጠረጴዛው ሥር የኤልዳናን እጅ ጨብጣ ያዘች። ሦስቱም አልፈዋል። መሪጌታ «ተመስገን» ብለው ለመነሣት ዱላቸውን ፈለጉ።

«አንድ ይቀራል» አሉ ሰብሳቢዋ። «አንቀጽ ዘጠኝ። አመልካች ቁራጩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት አለበት። በገዛ ቁራጩ የሚስቅ ሰው ጉዳት እንደደረሰበት አይቆጠርም።»

ኤልዳና አንቀጹን ታውቀዋለች። ማመልከቻውን ስትሞላ አንብባዋለች፤ አንብባ አልፋዋለች። ሌሎቹን ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ስታስጨንቅ፣ በራሷ ቁስል የሚስቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ልምምድ ያላደረገችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚህም በላይ፣ አይታው አታውቅም። ድምፁን በየበሩ፣ በየግድግዳው ሰምታዋለች፤ ምስሉን ግን በመጀመሪያው ቀን ለግማሽ ሰከንድ ካየችው በኋላ አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው አላየችውም።

ሰሌዳው በራ።

አንዲት ቀጭን ልጅ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። የድምፅ ማጉያውን ገመድ እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማዋለች፣ የሚያመልጥ ይመስል። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ኤልዳና አላወቀቻትም፤ ልጇን የምትመስል ልጅ ሆና ነው የታየቻት። ከልጅቷ ጀርባ በግራ በኩል መሪጌታ ቁጭ ብለዋል። በቀኝ በኩል፣ ወንበር ላይ፣ አርባ አንድ ሚሊዮን ሰው ልብ ያላለው የአባቷ ፎቶግራፍ ተደግፎ ቆሟል፤ ጥላዬ አንድ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ የሆነ ነገር ሊናገር ሲል ቀድመው ያነሱት ፎቶግራፍ። ልጅቷ «መጀመሪያ አባቶች» አለች። ሳግ ያዛት። ቃሉ ጠብቆ ወጣ። እግሩ ተሰበሰበ። ፎቶግራፉ ቅንድቡን እንዳነሣ ቀረ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ነገሩ በትክክል የገባው እሱ ብቻ ይመስል ነበር።

ኤልዳና ሳቀች።

ረጅም ሣቅ አልነበረም። መሣሪያው ሁለት ሰከንድ ብሎ መዘገበው። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፤ በተዝካሩ ቀን ሳግ የቆረጠባትን ለቅሶ እንደ አዲስ ያገኘችው ይመስላል።

«ሳቀ» አለ መሣሪያው።

«ምን ሳቀ ይላል?» አሉ መሪጌታ ወለሉን በዱላቸው እየመቱ። «እያለቀሰች እኮ ነው! ሴትዮ፣ አይታይሽም?»

«አሁን ነው የሚያለቅሱት፣ አባቴ። መጀመሪያ ግን ስቀዋል።»

«ሣቅና ለቅሶ የሚወጡት በአንድ ጉሮሮ አይደለም እንዴ?»

«መሣሪያው እሱን አይመዘግብም» አሉ ሰብሳቢዋ። በቁጣ አልተናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። እንደገና ማመልከት የሚቻለው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ጉባኤው በአዋጁ መሠረት ግልጽ ስለሆነ ቅጂው ለሕዝብ ይለቀቃል። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረመች።

ወደ ውጭ ሲወጡ ቅጂው ወጥቶ ነበር። ሰዓዳ መነጽሯን ነካ አድርጋ አየችና ፈጥና አወለቀችው። ደረጃው ላይ ጉዳያቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ኤልዳናን አየ፤ እግሩን ሰበሰበ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ሳቀ። መሪጌታ አንድ ደረጃ ወርደው ትንፋሽ ሊወስዱ ቆሙ። ሰዓዳ ደገፈቻቸው።

ምዕራፍ ከሁሉም ቀድማ ወርዳ ነበር። ተመልሳ መጣች። አላለቀሰችም።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ለምን ሳቅሽ?»

ኤልዳና ለማስረዳት ሞከረች። «አያትሽ… ፎቶግራፉ ላይ…» ብላ ተወችው። «አላውቅም» አለች።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ በበሩ ስገባ እንኳ ያንቺን ሞክሮብኛል። ፊታችን ይመሳሰላል።» ምዕራፍ ከቦርሳዋ የምስል መቅረጫዋን አወጣች፤ በመዳፏ ላይ አገላበጠችው። «እኔ ስዘፍን ሦስት መቶ ሰው ነው ያየኝ። ያንቺ ፊት ካለበት ግን ሰው ያየዋል። ምንም ቢሆን ያየዋል። ዛሬ ደግሞ በጣም ያያሉ።»

ኤልዳና ልጇን የምታውቃት በአነጋገሯ ነው፤ ረጅም የምትናገረው አስቀድማ ስታስብበት ነው። ይህን ነገር ከዛሬ በፊት አስባበታለች። ለብዙ ቀን፣ ለብዙ ወር አስባበት፣ ለእናቷ ብላ ትታው ኖራለች።

«እሺ» አለች ኤልዳና። «የት ልቁም?»

«እዚያው ሁኚ።»

ምዕራፍ መቅረጫውን በደረጃው መደገፊያ ላይ አስቀመጠችው፤ መልሳ አስተካከለችው። ከዚያ ለእናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«እኔ ምዕራፍ እባላለሁ» አለች። «ከኋላዬ የቆመችው ቄስ በላ ናት። ዛሬ እዚህ ስትስቅ አይታችኋል። በአባቷ ተዝካር ላይ ስትስቅ። እናትሽ ናት ይሉኛል። እኔ ግን…»

«ምን እያለች ነው ይቺ ልጅ?» አሉ መሪጌታ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ሰዓዳ፣ ያዣት፣ ምን…»

«ይተዉአት፣ አባቴ» አለች ኤልዳና።

«እናቷን እኮ እየካደች ነው!»

«አዎ። ይተዉአት።»

ምዕራፍ ድምፃቸው ስለገባባት አቆመች። ወደ መቅረጫው ሄዳ የተቀረጸውን አየች። ራሷን ነቀነቀች። ሲታይ የልጅ ፊት አልነበረም፤ የጨርቅ ጉድለት የሚፈልግ ሰው ፊት ነበር።

«አልሆነም» አለች። «እማ፣ ምሰሶው ጥላ ጥሎብሻል። ፊትሽ አይታይም።»

ኤልዳና ከምሰሶው ጥላ ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋው። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ወደ ትከሻዋ መለሰች፤ እንባዋንም ለመጥረግ እጇን አንሥታ፣ አስባ፣ ተወችው።

«አሁንስ?»

ምዕራፍ በመቅረጫው ውስጥ አየቻት።

«አሁን ይታያል።»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አለቻት ኤልዳና። «‹ናት› ስትዪ አይሰማም ነበር።»

«እሺ።»

ምዕራፍ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች። ደረጃው ላይ የነበሩት ሰዎች ጉዳያቸውን ትተው ዞረዋል፤ የአንዳንዶቹ መነጽር መብራት በርቷል። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና አንገቷን አቀናች።

«ይህችን ሴት አላውቃትም» አለች።

ኤልዳና እስኪያልቅ ድረስ ፊቷን ሳታዞር ቆመች።